ለፍቺ ብለን የምንሰበስበው ማስረጃ ማንን ይጎዳል?

አንድ ምሽት ላይ አንድ ጎረቤታችን በአንድ እጃቸው ስልክ፣ በሌላው በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት ይዘው ወደ ጎጇችን መጡ። እዚህ ካምፕ ውስጥ መምህር የሆነ ሰው ማመልከቻ ጸሐፊም ነውና አልገረመንም። የራሽን ካርድ የጠፋበት፣ የልጁ ስም በስህተት የተመዘገበበት፣ መጠለያው በዝናብ የፈረሰበት ሁሉ ወደኛ ይመጣል። እኛም አንድ ገጽ ወረቀት አውጥተን «ጉዳዩ፦» ብለን እንጀምራለን።

«መምህር፣ ሚስቴን ልፈታ ነው። ማስረጃው ሙሉ ነው፤ አንተ ብቻ አሳምረህ ጻፍልኝ» አሉን።

ፌስታሉን ፈቱት። በመጀመሪያ የሦስት ሰዎች ስም የተጻፈበትና በስሙ ትይዩ የጣት አሻራ ያለበት ወረቀት ወጣ። ሦስቱም «አይተናል» ያሉ ምስክሮች ናቸው። ቀጥሎ ስልኩን ከፈቱና አንድ ፎቶ አሳዩን። ገዳሪፍ ከተማ ውስጥ በአንድ ሻይ ቤት በር ላይ ሴትየዋ ከአንድ ሰው አጠገብ ተቀምጣለች። ፎቶው ከሩቅ የተነሳ ስለሆነ ፊት እንኳ በደንብ አይለይም። ከዚያ ከእሷ ስልክ ተደብቀው ወደ ራሳቸው ያሳለፉት የድምፅ መልእክት አለ። በመጨረሻም «ልጁም ያውቃል፤ ተከትሏት እንዲሄድ አድርጌው ያየውን ሁሉ ነግሮኛል» አሉን።

ልጁ የ4ኛ ክፍል ተማሪያችን ነው። በሁለት ወር ውስጥ ስንት ቀን እንደቀረ የምናውቀው እኛ ነን። ውኃ ሊቀዳ ወይም እንጨት ሊለቅም የሚሄድ መስሎን በስም መጥሪያው ላይ የ«ቀሪ» ምልክት ብቻ እያደረግን አልፈነው ነበር። ለካ አባቱ እናቱን እንዲሰልል ልከውት ኖሯል።

ሰውየው ሁለት ማመልከቻ ነበር የፈለጉት። አንዱ ለካምፑ ሽማግሌዎች፣ አንዱ ለፖሊስ። እኛም «ጋሼ፣ ዛሬ መሽቷል፣ ነገ እንየው» ብለን ሸኘናቸው። እውነቱን ለመናገር የመሸው ምክንያት አልነበረም። ፈርተን ነው። በማግስቱ አገር ቤት ሳሉ በነገረ ፈጅነት የሠሩ አንድ ስደተኛ ዘንድ ሄድን፣ ያገኘነውንም ሕግ አነበብን። ከዚህ በታች የምንጽፈው ከዚያ የተማርነውን ነው። እንዲህ ዓይነት ፌስታል በየብሎኩ፣ በወንዱም በሴቱም ትራስ ሥር እንዳለ ስለምናውቅ ለሁሉም ይጠቅማል ብለናል።

በቅድሚያ የአገራችንን ሕግ እንመልከት። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን «ከባድ ምክንያት» ባለውና በሌለው ይከፍል ነበር። ዝሙት ከከባዶቹ ምክንያቶች አንዱ ነበር። ጉዳዩን የሚያዩት የቤተዘመድ ሽማግሌዎች ሲሆኑ፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ከተረጋገጠ ንብረት ሲከፋፈል ለተበደለው ወገን ብልጫ ሊሰጡት ይችሉ ነበር። ስለዚህ በዚያ ዘመን «ማስረጃ አምጣ» ማለት ትርጉም ነበረው። በሬው፣ ላሟ፣ ቤቱ በማስረጃው ላይ ተንጠልጥሎ ነበርና። አባቶቻችን ያደጉት በዚህ ሕግ ነው። ዛሬም በካምፓችን ዛፍ ሥር የሚቀመጡት ሽማግሌዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት «እጅ ከፍንጅ ተይዛለች ወይ? ያየ አለ ወይ?» የሚለውን ነው። አይፈረድባቸውም።

ነገር ግን ያ ሕግ ከተቀየረ ቆየ። በ1992 ዓ.ም የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ፍቺን በምክንያት መክፈሉን አስቀረው። ባልና ሚስት ተስማምተው ወይም አንዳቸው ብቻቸውን ለፍርድ ቤት አመልክተው መፋታት ይችላሉ። ሌላው ወገን ማመንዘሩን ማረጋገጥ አያስፈልግም። አማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም ባወጣው የራሱ የቤተሰብ ሕግ ይህንኑ መንገድ ተከትሏል። በአዲሱ ሕግ ሽማግሌዎች ለማስታረቅ ይቀመጣሉ እንጂ አያፋቱም። ፍቺን የሚወስነው ፍርድ ቤት ብቻ ነው። ፍርድ ቤቱም አቤቱታው እንደቀረበለት ስለ ልጆች ቀለብና ስለ ማሳደግ፣ ስለ ንብረቱም አያያዝ ጊዜያዊ ትእዛዝ ይሰጣል። የጋራ ንብረት በመርህ ደረጃ እኩል ነው የሚካፈለው።

«እና ያመነዘረ ምንም አይሆንም ማለት ነው?» ብለን ነገረ ፈጁን ጠየቅናቸው። እንደዚያ አይደለም። ባልና ሚስት አንዱ ለሌላው መታመን እንዳለበት ሕጉ ራሱ ይደነግጋል። የፍቺው ምክንያት የአንደኛው ጥፋት ከሆነና ፍትሕ የሚያስገድድ ከሆነ፣ ፍርድ ቤቱ ለተጎዳው ካሳ ሊወስን ይችላል። በወንጀል በኩልም በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 652 ዝሙትን ያስቀጣል፤ ክሱ የሚንቀሳቀሰው ግን የተበደለው ባል ወይም ሚስት ሲያመለክት ብቻ ነው። እንግዲህ በአገራችን ሕግ የዝሙት ማስረጃ ቦታ አለው፤ ያ ቦታ ግን የፍቺው በር አይደለም። ለፍቺ ብቻ ከሆነ ያ ሁሉ ፎቶ፣ ያ ሁሉ አሻራ፣ ያ ሁሉ የልጅ ቀሪ ለምኑም አይደለም።

ይህን ያህል የሚያስቸግር ማስረጃ መፈለግ የኛ አገር ችግር ብቻም አልነበረም። እንግሊዝ አገር እስከ 1937 እ.ኤ.አ. ድረስ ከዝሙት በቀር ለፍቺ በቂ የሆነ ምክንያት አልነበረም ማለት ይቻላል። ታዲያ ተስማምተው መለያየት የፈለጉ ባልና ሚስት ምን ያደርጉ ነበር? ባልየው ገንዘብ ከፍሎ አንዲት ሴት ይዞ ሆቴል ያድርና ጠዋት ሻይ የምታመጣዋ አስተናጋጅ በአንድ አልጋ እንድታያቸው ያደርጋል። ከዚያ አስተናጋጇ ፍርድ ቤት ቀርባ ትመሰክራለች። ዳኛውም ጠበቃውም ነገሩ ተውኔት መሆኑን አያጡትም። እንግሊዞች ጥፋተኛ ሳይፈልጉ፣ ለዓመታትም ተለያይተው ሳይቆዩ መፋታት የቻሉት ገና በሚያዝያ 2022 እ.ኤ.አ. ነው። እኛ በ1992 ዓ.ም ቀድመናቸዋል፤ ግን ማን ይንገረን!

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። እኛ ያለነው ጎንደር ወይም ሁመራ አይደለም። ያለነው በሱዳን ምድር፣ በገዳሪፍ ክፍለ ሀገር ነው። ሰቲትን ስንሻገር የተሻገርነው ወንዙን ብቻ ሳይሆን ሕጉንም ነው። ሱዳን በ1974 እ.ኤ.አ. የተቀበለችው የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት በአንቀጽ 12 ሁለት ነገር ይላል። አንደኛ፣ አገር ቤት የፈጸምነው ጋብቻና ከእሱ የመነጨው መብት ይከበራል። ሁለተኛ፣ የግል ሁኔታችን የሚዳኘው በምንኖርበት አገር ሕግ ነው። ወንጀልማ ከሆነ ያለጥርጥር የሱዳን ሕግ ነው የሚገዛን።

የሱዳን የ1991 የወንጀል ሕግ ዝሙትን፣ በዓረብኛ «ዚና» የሚባለውን፣ እንደ አገራችን ሕግ በባልና ሚስት መካከል እንዳለ ጥፋት ብቻ አያየውም። ያለ ጋብቻ የሚደረግ ግንኙነት ሁሉ ወንጀል ነው። በአንቀጽ 146 ያላገባ ሰው 100 ጅራፍ ይፈረድበታል፣ ያገባ ደግሞ በድንጋይ ተወግሮ እንዲሞት። በ2020 እ.ኤ.አ. የሱዳን መንግሥት አንዳንድ ሕጎችን ሲያሻሽል ይህን አንቀጽ አልነካውም። በ2022 እ.ኤ.አ. ኮስቲ ከተማ ውስጥ በአንዲት ወጣት ሱዳናዊት ላይ የመወገር ፍርድ ተሰጥቶ ነበር፤ ዓለም ከጮኸ በኋላ ፍርዱ ተሻረ። ነገሩ የድሮ ታሪክ ነው የሚል ካለ ይህን ያስታውስ።

ማስረጃውስ? ይሄን ጊዜ ነው ጎረቤታችን ፌስታላቸውን ቢይዙ የሚሻላቸው። በሱዳን የ1994 የማስረጃ ሕግ መሠረት ዚና የሚረጋገጠው የተከሰሰው ሰው ራሱ ፍርድ ቤት ፊት ሲያምን፣ ወይም አራት አዋቂ ወንዶች ድርጊቱን በዓይናቸው አይተው ሲመሰክሩ ነው። ሻይ ቤት በር ላይ አብረው ተቀመጡ፣ በራክሻ አብረው ሄዱ፣ ሲሳሳቁ ሰማሁ ማለት ምስክርነት አይደለም። ሦስት ሰው ሦስት ነው። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ «እገሊት አመንዝራለች» ብሎ ከስሶ ማረጋገጥ ያቃተው ሰው ራሱ ወንጀለኛ መሆኑ ነው። «ቀዝፍ» ይባላል፤ በአንቀጽ 157 ቅጣቱ 80 ጅራፍ ነው። ጎረቤታችን በዚያ ወረቀት ላይ አሻራ ያስደረጓቸው ሦስት ሰዎችም ምን ላይ እንዳደረጉ አያውቁም ነበር።

ባል ሚስቱን ሲከስ «ሊዓን» የሚባል ልዩ የመሐላ ሥርዓት አለ። ባል አራት ጊዜ ምሎ በአምስተኛው «ብዋሽ የፈጣሪ እርግማን ይድረስብኝ» ይላል፤ ሚስትም እንዲሁ ምላ ራሷን ትከላከላለች። ሚስት መሐላውን እምቢ ካለች ግን በማስረጃ ሕጉ እምቢታዋ ራሱ እንደ ማረጋገጫ ይቆጠርባታል። ዓረብኛ በቅጡ የማትሰማ፣ መሐላ የምትፈራ፣ ምን እንደተጠየቀች እንኳ ያልገባት ስደተኛ ሴት ዝም ብትል ዝምታዋ ምን ሊያመጣባት እንደሚችል አስቡት። ባሏ የሌላት ሴት ማርገዟም በዚያው ሕግ እንደ ማስረጃ ሊያዝባት ይችላል። ከኅዳር 2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ባላቸው የት እንደገባ ያልታወቀ፣ ሞተ ተብሎም ያልተረዳ ስንት እህቶች አሉን! በመንገድ ላይ የተደፈሩም አሉ። ስለዚህ «ያቺ ሴት አረገዘች» የሚለው የቡና ወሬ እዚህ አገር ላይ የቡና ወሬ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

የስልክ ፎቶና ፊልም ነገር ከተነሳ አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። በ2013 እ.ኤ.አ. ኡምዱርማን ውስጥ አንዲት የ18 ዓመት ነፍሰ ጡር ኢትዮጵያዊት በብዙ ወንዶች ተደፈረች። ድርጊቱ በስልክ ተቀርጾ ነበርና በ2014 መጀመሪያ ላይ ከሰው ወደ ሰው ተሰራጨ። ከዚያ የታሰረችው ማን ሆነች? እሷ። መጀመሪያ የዝሙት ክስ ነበር የቀረበባት፤ ያ ቢቀር «አሳፋሪ ድርጊት» በሚል ተፈርዶባት የአንድ ወር የተገደበ እስራትና 5,000 የሱዳን ፓውንድ መቀጮ ተጣለባት። ከወንዶቹም የተገረፉ አሉ፤ ፊልሙን በማሰራጨቱ የተቀጣም ነበር። ይህን የምንጽፈው ማንንም ለማስፈራራት አይደለም። በስልክ የተያዘ ነገር አንዴ ከእጅ ከወጣ ማንን እንደሚመታ ያዢው እንደማይወስን ለማሳየት ነው።

አገር ቤትም ቢሆን የሰው ስልክ መበርበር እንደ ቀልድ የሚታይ አይደለም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 ደብዳቤንና የስልክ ግንኙነትን ይጠብቃል፤ «ባሏ ነው» ወይም «ሚስቱ ናት» የሚል ልዩነት አላስገባም። በ2008 ዓ.ም የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅም ያለ ፈቃድ ወደ ሰው መረጃ መግባትን ወንጀል አድርጎታል።

እዚህ ላይ «እሺ፣ የሚታገሠው እስከ መቼ ነው?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ትክክል ነው። የተበደለ ሰው ተበድሏል። ጎረቤታችን ያ ሁሉ ሌሊት እንቅልፍ እንዳጡ ፊታቸው ይናገር ነበር። ግን እኮ ለመለያየት ዚና ብሎ መክሰስ አያስፈልግም። በሱዳን የ1991 የሙስሊሞች የቤተሰብ ሕግ እንኳ ሚስት ጉዳት ስለደረሰባት፣ ቀለብ ስለተቋረጠባት ወይም ባሏ ርቆ ስለቀረ ፍቺ መጠየቅ ትችላለች፤ ባልም ዝሙት ሳያረጋግጥ መፍታት ይችላል። በቁርባን ለተጋባን ክርስቲያኖች ነገሩ ይከብዳል፤ ቁርባን የሚፈርሰው በዝሙት ነው ተብሎ ነው የተማርነው። እሱም ቢሆን ለንስሐ አባት የሚነገር ነው እንጂ ለፖሊስ የሚጻፍ አይደለም።

ታዲያ ማስረጃ የሚባለው የት ነው የሚያስፈልገው? ይህን ያስተማሩን አንዲት እናት ናቸው። ባላቸው ለሰሊጥ አጨዳ ወደ እርሻ እንደወጡ ቀሩ። ገዳሪፍ ላይ ሌላ ሴት ይዘው ልጅ መውለዳቸውን ሰው ነገራቸው። እናትየዋም እንደ ጎረቤታችን ማስረጃ ማሰባሰብ ጀመሩ፤ የሕፃኑን ፎቶ ሳይቀር አገኙ። የራሽን ካርዱ በባልየው ስም ስለሆነ ለብቻቸው እንዲያወጡላቸው ወደ አንድ ቢሮ ሄዱና ፎቶውን ዘረጉ። የተቀመጠው ልጅ ፎቶውን አላየውም። የጠየቃቸው ሌላ ነገር ነው፦ «እርስዎ ሚስቱ ለመሆንዎ ምን አለዎት?»

ምንም አልነበራቸውም። የጋብቻ ወረቀቱ ሰቲት ላይ ከሻንጣው ጋር ቀርቷል። «አሥራ አራት ዓመት አብሬው ኖሬ፣ አራት ልጅ ወልጄ፣ ሚስቱ መሆኔን አላስረዳም! የእሷን ልጅ ግን በፎቶ ይዤ ዞርኩ» ብለው ሳቁብን። ሳቃቸው ግን የሳቅ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ያደረጉት ብዙዎቻችንን ይጠቅማል። አብረዋቸው የተሻገሩና ባልና ሚስት መሆናቸውን የሚያውቁ ሰዎችን ስም ከነብሎካቸው ጻፉ። የአገራችን ሕግም ወረቀት የሌለው ጋብቻ፣ ሁለቱ እንደ ባልና ሚስት ሲኖሩና ዘመድና ጎረቤትም እንደዚያው ሲያያቸው እንደነበር በምስክር ሊረጋገጥ እንደሚችል ይፈቅዳል። የሁለቱን ልጆች የክርስትና ካርድ፣ የአንዷን የክትባት ወረቀት፣ ከኛ ትምህርት ቤት የአባት ስም ያለበትን መዝገብ ቅጂ ሰበሰቡ። መጀመሪያ ድንበር ላይ ሲመዘገቡ የተሰጣቸውን፣ ስድስቱም ስም አንድ ላይ ያለበትን ወረቀት ከሰው ቤት አገኙት። ባልየው ገንዘብ የላኩበትን ቀንና መጠን፣ መላክ ያቋረጡበትንም ወር ልጃቸው በደብተር ላይ ጻፈላቸው። ይህ ሁሉ ሲሆን የሴትየዋ ስም የትም ቦታ አልገባም። ካርዱ ሦስት ወር ፈጅቶ ተለየላቸው። ወደ ሦስተኛ አገር የመሄድ ዕድል ቢመጣም ልጆቹን ይዞ ለመውጣት የሚጠየቀው የሌላው ወላጅ ፈቃድ ወይም የአሳዳጊነት ወረቀት ነው፤ የውሽማ ፎቶ ማንም አይጠይቅም።

ወደ ጎረቤታችን እንመለስ። ያነበብነውን በሙሉ ነገርናቸው። መጀመሪያ ተቆጡን፤ «አንተም ከእሷ ጋር ነህ» አሉን። ስለ 80ው ጅራፍ ስንነግራቸው ዝም አሉ። ስለ 146ኛው አንቀጽ ስንነግራቸው ግን ረዘም ላለ ጊዜ መሬቱን በእንጨት እየጫሩ ቆዩና «መምህር፣ እኔ እኮ እንድትሄድልኝ እንጂ እንድትሞትብኝ አልፈለግሁም። የልጆቼ እናት ናት» አሉን። አሻራ ያለበትን ወረቀት እዚያው ከሰል ምድጃችን ላይ አስቀመጡት።

የፖሊሱ ማመልከቻ ቀረ። ለሽማግሌዎቹ የምንጽፈውን አብረን ጻፍን። «ከባለቤቴ ጋር ለመለያየት ስለወሰንኩ የልጆቻችንን አያያዝ፣ የራሽን ካርዱንና ያለንን ዕቃ በተመለከተ እንድትነጋገሩልን» የሚል ሦስት መስመር ብቻ ነው። ዝሙት የሚል ቃል የለበትም። ልጁንም ከሰኞ ጀምሮ ትምህርት ቤት እንደሚልኩት ቃል ገቡልን፤ ሰኞም መጣ። የኋላ ወንበር ላይ ነው የተቀመጠው። አንድም ቃል አልተናገረም፣ እኛም አልጠየቅነውም።

ሊሄዱ ሲነሱ ስልካቸውን አወጡና ፎቶውንና ድምፁን እንዴት እንደሚያጠፉት እንድናሳያቸው ጠየቁን። አሳየናቸው፣ አጠፉት። በሩ ጋ ደርሰው ቆም አሉ።

«ለሦስቱ ምስክሮችም ልኬላቸው ነበር፤ እሱስ እንዴት ነው የሚጠፋው?» አሉን።